ቡችላ በደጅ ያገኘውን ሁሉ እንዳይበላ ስለ ማስለመድ

አባቶቻችን «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላሉ። ይህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሰው ጠባይ ነው። እኛ ግን በዚህ ወር ጽሑፋችን ስለ ውሻው ስለ ራሱ፣ ይልቁንም ገና ጥርሱን በመለወጥ ላይ ስላለው ቡችላ እንናገርበታለን። ውሻ በአጥር ላይ የሚከፍተው ቀዳዳ ለዓይን የሚታይ ስለ ሆነ ባለቤቱ በእሾህ ይደፍነዋል። በአፉ በኩል የሚከፍተው ቀዳዳ ግን አይታይም። ከመንገድ ዳር ወይም ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ አንሥቶ የዋጠው ነገር በሆዱ አልፎ ወደ ግቢው አፈር፣ ከግቢው አፈርም ወደ ሕፃናት እጅ ይደርሳል። በዚህም ቀዳዳ የሚገባው ጅብ በሽታ ነው።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዳንዱ «ቡችላን ማስለመድ የቤት ጠባቂ ጉዳይ እንጂ የጤና ጉዳይ አይደለም» ይል ይሆናል። ነገር ግን ቡችላ ከሁሉ ይልቅ የሚወደውና የሚከተለው ሕፃናትን ነው፤ ሕፃናትም አቅፈው ይስሙታል፣ በላሳቸው እጅ እንጀራ ይቆርሳሉ። ስለዚህ የቡችላው አፍ ንጽሕና ከቤተ ሰቡ ንጽሕና ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

ቡችላ ሁሉን ነገር የሚያኝክበት ምክንያት

ቡችላ እጅ የለውም፤ እጁ አፉ ነው። ሕፃን ልጅ አዲስ ነገር ባየ ጊዜ በእጁ ይዞ ወደ አፉ እንደሚወስደው ሁሉ፣ ቡችላም ነገሩን የሚያውቀው በማሽተትና በማኘክ ነው። የወተት ጥርሶቹ በተወለደ በ3ኛው ሳምንት ገደማ መብቀል ይጀምራሉ፤ ቍጥራቸውም 28 ነው። 4 ወር ገደማ ሲሆነው እነዚህ እየወለቁ በምትካቸው 42 ጽኑ ጥርሶች ይበቅላሉ፤ ይህም እስከ 6ኛው ወይም እስከ 7ኛው ወር ድረስ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ድዱ ስለሚያመው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል፤ ጫማ ቢሆን፣ የበር መቃን ቢሆን፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ቢሆን አይመርጥም።

ሁለተኛው ምክንያት ረኃብ ነው። በብዙ ቤት ለቡችላ የሚሰጠው ምግብ ከማዕድ የተረፈው ብቻ ነው፤ ሲተርፍ ይበላል፣ ሳይተርፍ ጦሙን ያድራል። እንዲህ ያለው ቡችላ ከደጅ መልቀምን የሚማረው ከጥጋብ ብዛት አይደለም፣ ለመኖር ነው። ሦስተኛው ምክንያት ሥራ ፈትነት ነው። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ቡችላ ሌላ የሚያደርገው ነገር ስለሌለው የታሰረበትን ገመድ፣ ከዚያም በአጠገቡ ያለውን ሁሉ ይበላል።

አራተኛውን ምክንያት ግን የምንፈጥረው እኛው ነን። ቡችላው አንድ ነገር በአፉ ይዞ ባየነው ጊዜ እየጮኽን እናሳድደዋለን፤ ስንደርስበትም እንመታዋለን። ቡችላው ከዚህ የሚማረው ነገሩን መተውን አይደለም። የሚማረው ነገር ቢኖር፣ ሰው ሲመጣ ያገኙትን ቶሎ መዋጥ እንደሚሻል ነው። ሊተፋው ይችል የነበረውን ምላጭ ወይም የስፌት መርፌ በፍርሃት ይውጠዋል። በዱላ ያደገ ቡችላ ሌባ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በቡችላው ላይ የሚደርሰው ጉዳት

በክረምት በየመንገዱ ዳር በቆሎ እየተጠበሰ ሲሸጥ ቆረቆንዳው በየቦታው ይጣላል። ቡችላው ጣዕም ስለሚያገኝበት ይውጠዋል፤ በሆዱ ግን አይፈጭም። በአንጀቱ ውስጥ እንደ ውታፍ ተቀርቅሮ መተላለፊያውን ይዘጋል፤ የእንስሳት ሐኪም ቀዶ ካላወጣለትም ለሞት ያደርሰዋል። ፌስታል፣ ካልሲ፣ የጠርሙስ ክዳንና ረጅም ክር የሚያደርሱት ጉዳት ይህንኑ የመሰለ ነው። ከዶሮ ወጥ የወጣ አጥንትም እሳት ስላደረቀው ሲሰበር እንደ ስንጥር ይሾልና ጉሮሮንና አንጀትን ይወጋል።

ሌላው አደጋ መርዝ ነው። በብዙ ግቢ አጥር ሥር የሚበቅለው የጉሎ ፍሬ ሲታኘክ ብርቱ መርዝ አለው። ለአይጥ ከሚቀመጡት መርዞች አንዳንዶቹ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው፤ ቡችላው በበላበት ዕለት ጤነኛ ይመስላል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ደም ይፈሰዋል። የጠላ አተላ፣ ያልተጋገረ ሊጥ፣ የሽንኩርት ቅራፊ፣ የቡና አተላና የጫት ገረባ እንኳ ለቡችላ አይስማሙም። ከመጋዘን የወጣ አሮጌ የባትሪ ድንጋይ ደግሞ በጥርስ ከተነከሰ አፉንና ጉሮሮውን ያቃጥላል።

በቤተ ሰቡ ላይ የሚደርሰው ጉዳት

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ቡችላውን ሳያሳምም ሰውን የሚያሳምመው ነው። ይህንንም ለማስረዳት የበዓል ማለዳን እንመልከት።

በግ በግቢ ውስጥ ይታረዳል፤ ቆዳው ይገፈፋል፣ ሥጋው ይበለታል። ጉበቱ ወይም ሳንባው ሲታይ ግን በላዩ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይገኝበታል። ሰው ይጸየፈዋልና ቆርጦ ወደ ዳር ይጥለዋል፤ ቡችላውም አንሥቶ ይበላዋል። ሁሉም ሰው «ለእኛ ያልሆነው ለውሻው ሆነ» ብሎ ደስ ይለዋል።

ያ ከረጢት ግን ኤኪኖኮከስ የሚባለውን ትል ሽሎች የያዘ ነው። ሽሎቹ በቡችላው አንጀት ውስጥ አድገው እጅግ ትናንሽ የኮሶ ትሎች ይሆናሉ፤ የአንዱ ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ሚሊሜትር ነው። በአንድ ውሻ ሆድ በሺህ የሚቈጠሩ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ውሻው ግን አይከሳም፣ አያስልም፣ የበሽታ ምልክት አይታይበትም። ከ6 ወይም ከ7 ሳምንት በኋላ ዕንቍላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። ዕንቍላሉ በዓይን የማይታይ ሲሆን በአፈር፣ በጎመንና በሰላጣ ቅጠል፣ በውሃና በራሱ በውሻው ጠጕር ላይ ይጣበቃል፤ እርጥበት ባለበት ቀዝቃዛ ስፍራም ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቆያል።

ሕፃኑ ቡችላውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ የበላ እንደ ሆነ ዕንቍላሉን ይውጣል። ከዚያም በሕፃኑ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ በበጉ ላይ የታየውን የመሰለ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይበቅላል። የሚያድገው በዝግታ ስለ ሆነ ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል፤ ልጁ አድጎ ሥራ ከያዘ በኋላ ሆዱ ሊነፋ፣ ጎኑን ሊወጋው ወይም ሊያስለው ይጀምራል። ሐኪም በመሣሪያ ሲመረምረው የብርቱካን ወይም ከዚያ የሚበልጥ ከረጢት ያገኝ ይሆናል። መድኃኒት የሚበቃው ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። የዚህ ሁሉ መነሻ ከብዙ ዓመት በፊት በበዓል ማለዳ ለቡችላ የተጣለች አንዲት ቍራጭ ሳንባ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርማለን። ብዙ ሰዎች ይህን በሽታ ጥሬ ሥጋ በመብላት ከሚመጣው ከተለመደው ኮሶ ጋር ያመሳስሉታል። ይህኛው ግን ሥጋ በመብላት አይመጣም፤ ሥጋ የማይቀምስ ሰው እንኳ ከውሻ ዓይነ ምድር በሚወጣው ዕንቍላል ሊያዝ ይችላል። በአገራችን ቄራዎች በሚታረዱት ከብቶች ሳንባና ጉበት ላይ ይህ ከረጢት የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

ሁለተኛው የውሻ ወስፋት ነው። ይህን ቡችላው ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ይዞት ይወለዳል። ዕንቍላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ከወጣ በኋላ በአፈር ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሲቆይ ሰውን ለማሳመም ይደርሳል፤ አፈር በሚበሉ ሕፃናት ሆድ ገብቶም ጉበታቸውን፣ አንዳንድ ጊዜም ዓይናቸውን ይጎዳል። ሌላ ውሻ የጣለውን ዓይነ ምድር የሚበላ ቡችላ ይህንኑ ዕንቍላል በአፉና በጠጕሩ ተሸክሞ ወደ ቤት ይመለሳል።

ይህን ክፉ ሰንሰለት መበጠስ እንደሚቻል የሌላ አገር ታሪክ ያስረዳናል። በአይስላንድ ደሴት በጎች በየቤቱ ይታረዱና የሆድ ዕቃቸው ለውሻ ይጣል ስለ ነበር፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙ ሕዝብ በዚህ የከረጢት በሽታ ይሠቃይ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1863 ሀራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ወደዚያ ሄዶ ውሾቹን መረመረ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ስለ በሽታው መነሻና መከላከያ የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ለሕዝቡ ታደለ። ሕዝቡም አንብቦ የታረደውን ከብት የሆድ ዕቃ መቅበርንና ውሻውን መጠበቅን ተማረ፤ ከጊዜ በኋላም በሽታው ከዚያ ደሴት ጠፋ። ብዙው ሥራ የተሠራው በመቆፈሪያና በጥንቃቄ ነበር።

ቡችላውን እንዴት እናስለምደዋለን?

1ኛ፤ ግቢውን ማጽዳት። ቡችላ ያላገኘውን ሊበላ አይችልም። ስለዚህ ከማስተማር በፊት መጥረግ ይቀድማል። ቆሻሻው ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ የጉሎ ፍሬው ይለቀም፤ የአይጥ መርዝ ቡችላው በማይደርስበት ስፍራ ብቻ ይኑር። ከብት በሚታረድበት ጊዜ ቡችላው አስቀድሞ ይታሰር። ከረጢት ያለበት ጉበት፣ ሳንባ ወይም ጣፊያ ውሻ ቈፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፣ ወይም ፈጽሞ ይቃጠል። የሆድ ዕቃ ለውሻ መስጠት ግድ ከሆነ ተቆራርጦ ለ30 ደቂቃ ያህል በሚፍለቀለቅ ውሃ ይቀቀል።

2ኛ፤ በሰዓቱ መመገብ። ዕድሜው ከ6 ወር በታች የሆነ ቡችላ በቀን 3 ጊዜ፣ በታወቀ ሰዓትና በራሱ ሳሕን ይመገብ። ወደ ደጅ የሚወጣው ከበላ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ንጹሕ ውሃም ዘወትር አይለየው።

3ኛ፤ የተፈቀደለት የሚያኘክ ነገር መስጠት። ድዱ እያሳከከው «አታኝክ» ማለት ከንቱ ነው። ወፍራም ገመድ ቋጥሮ፣ ወይም ትልቅ ካሮት አጥቦ መስጠት ይቻላል። ገመዱ መተርተር የጀመረ እንደ ሆነ ክሩን እንዳይውጥ ይለወጥለት። አሮጌ ጫማ ግን አይሰጠው፤ ቡችላ አሮጌውን ከአዲሱ ለይቶ አያውቅምና በነገው ቀን የበዓል ጫማችሁን ቢበላ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

4ኛ፤ «ልቀቅ» የሚለውን ቃል ማስተማር። ይህ በልውውጥ የሚገኝ ትምህርት ነው። ቡችላው ገመዱን ይዞ ሳለ ከገመዱ የሚጥመውን ትንሽ ምግብ፣ ለምሳሌ አንዲት ቍራጭ የበሰለ ሥጋ፣ በአፍንጫው አጠገብ አድርጉና በለሰለሰ ድምፅ «ልቀቅ» በሉት። አፉን ከፍቶ ሲለቅ ቍራጩን ስጡት፤ ከዚያም ገመዱን መልሱለት። መመለሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ቡችላው የያዘውን ቢለቅ እንደማይጎዳ የሚያምነው በዚህ ነውና። ይህን በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አድርጉት። በቤት ውስጥ ከለመደው በኋላ በግቢ፣ ከዚያም በመንገድ ይደረግ።

5ኛ፤ «ተው» የሚለውን ቃል ማስተማር። ይህ ነገሩን ከማንሣቱ በፊት የሚነገር ነው። የምግብ ቍራጭ በእጃችሁ መዳፍ ጨብጣችሁ አቅርቡለት። ያሸታል፣ ይልሳል፣ በእግሩም ይቧጥጣል፤ እናንተ ግን ዝም በሉ። አፉን በመለሰ ጊዜ «ተው» ብላችሁ ከሌላው እጃችሁ ቍራጭ ስጡት። እየዋለ ሲያድር ቍራጩን በመሬት ላይ አድርጋችሁ ቢያልፈው እንኳ መማሩ ይታያል። ባለፈው ጊዜ ሁሉ አመስግኑት፤ ቡችላ ምስጋናን ያውቃል።

6ኛ፤ በአጭር ገመድ ማውጣት። ትምህርቱ እስኪጸና ድረስ ቡችላው በደጅ ብቻውን አይለቀቅ። ባለቤቱ ገመዱን ይዞ ከእርሱ አስቀድሞ መሬቱን ይመልከት፤ ቆረቆንዳ ወይም አጥንት ባየ ጊዜ ሳይጎትት መንገዱን ለውጦ ይጥራው። ፈጽሞ እምቢ የሚል ቡችላ ከሆነ፣ እንዲተነፍስና ውሃ እንዲጠጣ የሚያስችለው እንደ ቅርጫት የተሠራ የአፍ መከለያ ለመንገድ ጊዜ ብቻ ማድረግ ይቻላል። በዚህ መከለያ ግን ታስሮ አይዋል፣ አይደር።

7ኛ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ይናገር። አባት «ተው» ሲል እናት «ሂድ»፣ ልጆችም «ና» የሚሉት ቡችላ ማንን ይሰማል? ዘበኛውም፣ የቤት ሠራተኛዋም፣ ልጆቹም ቃሉንና ሥርዐቱን ይወቁ። ማንም አይምታው፣ ማንም አያሳድደው። ልጆች ደግሞ ከቡችላው አፍ ነገር ለመንጠቅ እጃቸውን እንዳይሰዱ አጥብቀን እናሳስባለን፤ ይህን ለአዋቂ ይናገሩ።

ከዚህ ጋር የትል መድኃኒት አይዘንጋ። ቡችላው ከተወለደ ከ2 ሳምንት ጀምሮ የወስፋት መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይሰጠው። የሆድ ዕቃ የማግኘት ዕድል ላለው ውሻ ደግሞ ፕራዚኳንቴል የተባለው የኮሶ መድኃኒት ቢያንስ በዓመት 4 ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል እንጂ ዕንቍላሉን አይገድልምና፣ ከተሰጠው በኋላ ለ2 ቀን ታስሮ ዓይነ ምድሩ ተሰብስቦ ይቀበር ወይም ይቃጠል። በሌላውም ቀን ዓይነ ምድሩን በየዕለቱ ማንሣት ወስፋቱ በአፈር ውስጥ እንዳይደርስ ያደርጋል።

አስቀድሞ ውጦ የተገኘ እንደ ሆነ

ቡችላው ደጋግሞ ቢያስመልስ፣ የጠጣው ውሃ ባይቀመጥለት፣ ሆዱ ቢወጠር፣ ዓይነ ምድር ባይወጣው ወይም ቢንቀጠቀጥ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ። የበላው መርዝ ከሆነ ዕቃው ወይም ወረቀቱ አብሮ ይወሰድ። በራሳችሁ ፈቃድ እንዲያስመልስ አታድርጉት፤ ነጭ ጋዝ፣ በረኪና ወይም የሾለ ነገር ከዋጠ ሲመለስ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ክር ከአፉ ወይም ከኋላው ተንጠልጥሎ ቢታይም አትሳቡት፤ አንጀቱን ሊቈርጠው ይችላል።

አንድ ነገር በተለይ እንድታስተውሉ እንለምናለን። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ እንጨትና ድንጋይ መብላት የጀመረ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ መዋጥም ያቃተው ቡችላ አጥንት የተቀረቀረበት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ማንም ሰው እጁን ወደ አፉ አይስደድ። ቡችላው ተዘግቶበት ሐኪም ይጠራ። የነከሰው፣ የቧጨረው ወይም ለሃጩ ቍስሉን የነካው ሰው ቢኖር፣ ቍስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ሕመሙ ከታየ በኋላ መዳን የለምና «ነገ እሄዳለሁ» አይበል። ቡችላውም 3 ወር ሲሞላው የዚህን በሽታ ክትባት ይከተብ፤ ሐኪሙ በሚወስነውም ጊዜ ይደገምለት።

የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፣ «ልጅን በጡት፣ እህልን በጥቅምት» እንደ ተባለ፣ ለቡችላም የመማሪያ ጊዜው ጥርሱን የሚለውጥበት ይህ ጥቂት ወር ነው። በዚህ ጊዜ የለመደው ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል። እኛም ከእናንተ የምንጠይቀው ብዙ ወጪ አይደለም፤ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ፣ ክዳን ያለው የቆሻሻ ዕቃ፣ አንድ ገመድና በቀን ጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ነው። በሚመጣው በዓል ዕለት ቢላዋው ከመሳሉ በፊት ጉድጓዱ ይቈፈር፤ ቡችላውም ይታሰር። ልጆቻችሁም ከቡችላው ጋር ተጫውተው ወደ ማዕድ ሲቀርቡ እጃቸውን በሳሙና ያስታጥቧቸው ዘንድ ታላላቆቻቸውን እዘዙ። ያን ጊዜ ቀዳዳው ይደፈናል፤ ቡችላውም ለቤቱ ደስታ ይሆናል።